ያልነፋሁት ፊሽካ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው ካባ አለበሱኝ። አንድ ወጣት የስፖርት መምህር ተነሣና፣ «ጋሽ ገዛኸኝ ማንንም የማይፈሩ ዳኛ ነበሩ። ገዢ ፊት ጨዋታ ያቆሙ ሰው ናቸው» ብሎ ተናገረ። ጭብጨባው ደመቀ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሰዎቹ የመሰላቸው ትሕትና ነው። ትሕትና አልነበረም፤ እፍረት ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ካባውን ሳወልቅ፣ ይህን ነገር ሳልጽፈው ብሞት ውሸታም ሆኜ እንደምቀበር ገባኝ። ስለዚህ ልጻፈው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት ፈርቼ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ከዊንጌት ትምህርት ቤት አለፍ ብሎ በነበረ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ዛሬ የለም፤ ግቢው ተሸንሽኖ ሌላ ሌላ ነገር ሆኗልና ስሙን ባልጠራው ይሻላል። የተቀጠርኩት በሜዳ ጠባቂነት ነበር። ሣር አጭዳለሁ፣ በኖራ መስመር አሰምራለሁ፣ ኳስ እነፋለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ትበቃ ነበር። ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ቱሉ ናቸው። የሸጎሌ ሰው ናቸው፤ ወታደር ቤት ሳሉ ቅርጫት ኳስ መዳኘት ተምረው፣ ከጦሩ ሲሰናበቱ ኮሌጁ የስፖርት ክፍሉን ሰጣቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቁጣቸው በኦሮምኛ የሆነ ሰው ነበሩ። በአማርኛ ሲናገሩ አይቆጡም። ኦሮምኛ ከጀመሩ ግን ቀስ ብለህ ከአጠገባቸው ዘወር ማለት ነው።

ሃምሳ አለቃ ጨዋታ ያለ ቀን ከሁሉም ሰው በፊት ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይራመዱታል። እግራቸው ጠጠር ካገኘ ጎንበስ ብለው አንሥተው ኪሳቸው ይከታሉ። ዓይን የማያየውን እግር ያገኘዋል ይሉ ነበር። ከዚያ የቀለበቱን ከፍታ በሸምበቆ ይለካሉ፤ ሸምበቆው ላይ በቢላ የተቀረጸ ምልክት ነበር። በመጨረሻ ወደ ምሰሶዎቹ ይሄዳሉ። የእኛ ምሰሶዎች ከወፍራም የውኃ ቧንቧ የተሠሩ፣ እግራቸው በሲሚንቶ የተቀበረ ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው፣ ከታች በኩል በድንጋይ ያንኳኳሉ።

«ና፣ ስማ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት።

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሲያንኳኩ ብረቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ረዘም ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ይኼ ጤነኛ ነው። ብረት ሲታመም ድምፁ ይጠፋል። ኳኳ ብለህ ደፍ ካለብህ፣ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ ከሲሚንቶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ዝናቡ እዚያ ስለሚተኛ። ከላይ ቀለም አይተህ አትታለል። ስትፈራም ብረቱን ፍራ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ፊሽካ ሰጡኝ። ወዲያው መንፋት የቻልኩ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያ ጨዋታዬን ስዳኝ ፊሽካው ከጥርሴ ጋር ይጋጭ ነበር። ጥፋት አያለሁ፤ ልነፋ እልና የተማሪውን ፊት አይቼ እተወዋለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ሃምሳ አለቃ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስድስት ጊዜ አየህ፤ ስድስቱንም ዋጥክ» አሉኝ። ቆጥረውልኝ ነበር። «ገዛኸኝ፣ ዘግይቶ የተነፋ ፊሽካ የእድር ጥሩምባ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚነፋው።»

ቀስ በቀስ ለመድኩ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እሱን ደብቄ መንፋት ነው የለመድኩት።

አሰግድ ወደ ኮሌጁ የመጣው በአምስተኛው ዓመቴ ነው። የብረታ ብረት ተማሪ ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ እጁ ከጉልበቱ ሊደርስ ምንም የማይቀረው ረጅም ልጅ። እዚያ ጊዜ ድረስ በእኛ ሜዳ ኳስ የሚገባው ከሩቅ ተወርውሮ ወይም ከሰሌዳው ላይ ነጥሮ ነበር። አሰግድ ግን አንድ ቀን በልምምድ ላይ ሮጦ መጣና ዘለለ፤ ኳሱን በአንድ እጁ ከቀለበቱ በላይ አድርጎ ወደ ታች ሰነቀረው። ከዚያ ተማሪው ሁሉ በጩኸት ፈነዳ። አንድ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ነበረን፤ እሱ እየሳቀ ይህ ዳንክ እንደሚባል ነገረን። ተማሪው ግን የራሱን ስም አወጣለት፤ «ክተታት» አለው። ኳሷን ክተታት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ባለ ቁጥር ከዊንጌት ተማሪ፣ ከጳውሎስ ሰፈር ወጣት፣ ከነርሶች ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ አጥሩን ይሞሉታል። አሰግድ ኳስ ሲይዝ «ክተታት! ክተታት!» ይላሉ። እሱም ልቡ አበጠ። መክተቱ ብቻ አልበቃውም። ከከተተ በኋላ ቀለበቱን ጨብጦ ይንጠለጠላል፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። ሲወርድ ተከላካዩ ፊት ቆሞ እጁን ያራግፋል፤ አቧራ ያለበት ይመስል። አንድ ጊዜ በአንድ እጁ እንደተንጠለጠለ በሌላው እጁ ለተመልካቹ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

ውሸት አልናገርም፤ ያምር ነበር። እኔም ከዳኝነቴ ተርፎኝ ባጨበጭብ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱ በተንጠለጠለ ቁጥር ሰሌዳው ሲነቃነቅ፣ ብሎኖቹ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። በማግሥቱ ጠዋት የብሎን ቁልፍ ይዤ መሰላል ላይ ወጥቼ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠብቃለሁ። በየጊዜው ግማሽ ዙር፣ ሩብ ዙር ላልተው አገኛቸዋለሁ።

«ይከልከል» አልኳቸው ሃምሳ አለቃን።

«መክተቱ ምን አደረገ? ጎል ነው። መንጠልጠሉን ግን ንፋበት» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ነፋሁበት። ሁለቱንም ጊዜ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ ተሳደበ፤ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረብኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ሌላ አቅጣጫ ያየሁ መሰልኩ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጎርፍ አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሁለት ጊዜ አጥለቀለቀው። ክረምቱ ሲወጣ ሃምሳ አለቃ ሳንባቸውን ታመው ሸጎሌ ቤታቸው ዋሉ። ሥራው በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። አንድ ጠዋት ድንጋዬን ይዤ ምሰሶዎቹን ላዳምጥ ሄድኩ። በምዕራብ በኩል ያለው ደወሉን ሰጠኝ። በምሥራቅ በኩል ያለውን፣ የክብር እንግዶች ከሚቀመጡበት ዳስ ፊት ለፊት የቆመውን አንኳኳሁ። ደፍ አለ።

እንደገና አንኳኳሁ። ደፍ።

ተንበርክኬ ሲሚንቶው አጠገብ ያለውን ቀለም በቢላ ፋቅሁት። ቢላው ገባ። ብረት ውስጥ ቢላ ገባ! ጣቴ ላይ ቀይ ዱቄት ቀረ።

በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ቆመው ማነጋገር የሚወዱ፣ ሌላውም ሰው እንዳይቀመጥ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ የምሥራቁ ምሰሶ ታሟል» አልኩ።

«ምን ማለት ነው ታሟል?»

«ከሥሩ ዝጓል። ተቆፍሮ መቀየር አለበት። እስከዚያ ጨዋታ ባይኖር…»

«ቅዳሜ ደጃዝማች እንደሚመጡ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ስለዚያ ረጅም ልጅ ሰምተው፣ በዓይኔ ልየው ብለው ነው የሚመጡት። ለአዲሱ ወርክሾፕ ፈቃዱ በእሳቸው እጅ ነው። እና እኔ ምሰሶ ታሟልና ይመለሱ ልበላቸው?»

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል።»

«ዘጠኝ ዓመት የቆመ ነገር እስከ ቅዳሜ ይቆማል። ቀለም አለህ አይደል? ቀባው።»

ቀባሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ቀባሁት። በቢላ የፋቅሁትን ቦታ በነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርቤ፣ ከሩቅም ከቅርብም አዲስ እስኪመስል ቀባሁት። ሃምሳ አለቃ ጋ ሄጄ ልንገራቸው አሰብኩና ተውኩት። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው የተውኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው አጥሩ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ የወርክሾፑ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። ደጃዝማች ከነአጃቢዎቻቸው በዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ፊታቸው የሚያስፈራ ሳይሆን የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ፈገግ ሲሉ ግን ዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሌሊቱን ሳልተኛ ያሰብኩት አንድ ዘዴ ነበረኝ። በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛ ልጆች በምዕራቡ፣ በጤነኛው ቀለበት በኩል ያጠቁ ዘንድ ዕጣው እንዲያ እንዲወጣ ጸለይኩ። ወጣልኝም። አሰግድ እዚያ እንደ ልቡ ቢከት ግድ የለም፤ ሰውም ይጠግባል። ከዕረፍት በኋላ ቅርጫት ሲቀያየሩ ደግሞ፣ ቀስ ብዬ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «እዚህኛው ላይ አትንጠልጠል» እለዋለሁ። በቃ፣ ማንም ሳያውቅ ቀኑ ያልፋል።

አሰግድ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ጊዜ ከተተ። ተንጠለጠለ፣ ተወዛወዘ፣ ሰላምታ ሰጠ። ደጃዝማች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እሳቸው ብድግ ሲሉ ዳሱ ሁሉ ተነሣ። ምዕራቡ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ተነፈስኩ።

ለዕረፍት ስነፋ ዳይሬክተሩ በእጃቸው ጠሩኝ። ፊታቸው በደስታ ቀልቷል።

«ደጃዝማች በጣም ተደስተዋል። ከሩቅ ስለሆነ ግን ደኅና አድርገው አላዩትም። አሁን ቅርጫት ስትቀያየሩ እዚህ ፊታቸው እንዲያደርግላቸው ይፈልጋሉ። ሄደህ ለልጁ ንገረው።»

«ጌታዬ፣ ይኼኛው እኮ…»

«ገዛኸኝ!» አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ፈገግታቸውንም ሳይቀንሱ። ደጃዝማች ወደ እኛ እያዩ ነበር። እጅ ነሣሁና ሄድኩ።

አሰግድን ከሜዳው ዳር በጣሳ ውኃ ሲጠጣ አገኘሁት።

«ደጃዝማች ይቺን ነገር ከቅርብ ማየት ይፈልጋሉ። በዚህኛው ላይ» አልኩት።

ጣሳውን አስቀመጠ። ወደ ምሥራቁ ምሰሶ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። የብረታ ብረት ተማሪ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት።

«ጋሼ፣ ምሰሶው እንዴት ነው? ሰሞኑን ሲቀቡት አየሁዎት።»

ይህ ልጅ በሕይወቱ ለአንድ ጊዜ ጠየቀኝ። መልሱ አንድ ቃል ነበር። ከኋላዬ የዳይሬክተሩ ዓይን፣ ከእሳቸው ኋላ የደጃዝማች ዓይን፣ ጀርባዬን ሲወጋኝ ይሰማኛል። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያም በላይ፣ ምን እንደምፈራ እንኳ ሳላውቅ ፈራሁ።

«ምንም አይል» አልኩት።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አሰግድ ኳስ ሲደርሰው ለጓደኞቹ እያቀበለ አሳለፈ። ምናልባት አያደርገውም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተመልካቹ ግን «ክተታት!» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ያሉት፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ በመጨረሻ ዳሱ ውስጥ የነበሩ መኳንንት ሳይቀሩ። ከመሐል ሜዳ ኳስ ተቀማ፤ አሰግድ ብቻውን ወጣ።

ከጎኑ እየሮጥኩ ነበር። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነው። አራት እርምጃ ቀረው። ንፋ! አልኩ ለራሴ። እርምጃ አበዛ በል፣ መስመር ረገጠ በል፣ ውሸትም ቢሆን ንፋ! ምላሴ ደርቆ ፊሽካው ላይ ተጣበቀ። ሦስት እርምጃ። ሁለት። ዘለለ።

ከተተ። ቀለበቱን ጨበጠ። ጉልበቱን ሰበሰበ። ከዚያ ከምሰሶው ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት እንደመሰበር ያለ ትንሽ ድምፅ። ምሰሶው ቀስ ብሎ፣ ሰው እጅ እንደሚነሣ፣ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። አሰግድ እጁን መልቀቅ አልቻለም፤ ወይም ሲለቅ ዘግይቶ ነበር። ሰሌዳው፣ ቀለበቱ፣ ብረቱ አንድ ላይ በላዩ ወረዱ።

እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋው የወደቀው ብረት ድምፅ አይደለም። ጭብጨባው ነው። ሰው የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አቧራው እስኪበተን፣ የአሰግድ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ አጨበጨቡ። ያኔ ነው ፊሽካዬን የነፋሁት። ማቆም አቅቶኝ ደጋግሜ ነፋሁት። አሜሪካዊው መምህር መጥቶ ከአፌ ነጠቀኝ።

ስምንት ሰው ሆነን ብረቱን አነሣነው። እግሩም ጀርባውም ተርፏል። ቀኝ እጁ ግን በቀለበቱና በመሬቱ መሐል ነበር። ደጃዝማች ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «ልጁን በእኔ መኪና ውሰዱት» አሉና ራሳቸው በእግር ከግቢው ወጡ። ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ተማሪው ከጨዋታው ደንብ ውጪ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ የዳኛውን ትእዛዝ ጥሶ በመንጠልጠሉ የኮሌጁን ንብረት አፍርሷል፤ ለደረሰበት ጉዳትም ኃላፊው ራሱ ነው ይላል። ከታች የእኔ ስም አለ።

«ልጁን ከትምህርቱ ልናሰናብተው ነው። ሌላ መውጫ የለም» አሉ። «ወይ እሱ ነው፣ ወይ አንተ ነህ። ልጆች አሉህ አይደል?»

አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ገና መዳህ የጀመረች። ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም ነበር።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። አሰግድ አልጋው አጥሮበት እግሮቹ ከብረቱ ውጪ ተንጠልጥለዋል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ አርፏል። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ» አለኝ።

ገባሁ። ይዤው የመጣሁትን ብርቱካን አስቀመጥኩ። ሌላ ወሬ ለማውራት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

«አሰግድ፣ ዋሸሁህ» አልኩት። «ምሰሶው መታመሙን አውቅ ነበር።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አውቄዋለሁ» አለ። «ምንም አይል ሲሉኝ ፊትዎን አየሁት እኮ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ዘለልክ?»

«ያ ሁሉ ሰው ክተታት እያለ ልተወው? ፈራ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «እርስዎ ደጃዝማችን ፈሩ፤ እኔ ተማሪውን ፈራሁ። አሁን በዚህ እጄ ሞረድ እንዴት ነው የምይዘው፣ ጋሼ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ነው ያባበለኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሸጎሌ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢላውን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱን። ኦሮምኛ ይጀምራሉ ብዬ ተሸማቀቅሁ። አልጀመሩም። እያሳላቸው ጨርሰው ሰሙኝ።

«ሰው ፈራህ» አሉኝ በመጨረሻ። «ስትፈራ ብረቱን ፍራ ብዬህ ነበር እኮ። ሰው ይለመናል፤ ሰው ይታረቃል። ብረት ግን ዘመድ አያውቅም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያን ወረቀት አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አይደለሁም። ፈረምኩ እንጂ።»

«እንግዲያ የራስህን ጻፍ።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ ይሆናል» አሉ። አላጽናኑኝም።

ሁለት ቀን ዘገየሁ። በሦስተኛው ቀን ኮሌጁ ውስጥ ባለችኝ የዕቃ ክፍል፣ ከኳሶቹና ከኖራው መሐል ተቀምጬ ሁሉንም በእጄ ጻፍኩ። አንዱን ለዳይሬክተሩ፣ አንዱን ለትምህርት ሚኒስቴር። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ስጥል ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ድፍረት ቢሆን ኖሮ ግድግዳ አያስፈልገኝም ነበር። የሆነው ይህ ነው፤ ያ ልጅ ስለ ሞረድ የጠየቀኝ ጥያቄ ከዳይሬክተሩ ይልቅ አስፈራኝ።

ሳምንታት በጭንቀት አለፉ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሚስቴና እኔ እንተያያለን። በመጨረሻ አሰግድ እንዳይባረር ተወሰነ። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ ቅጣት ይሁን ሹመት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ደግሞ ከማስጠንቀቂያ ጋር በምዕራብ ርቃ ወደምትገኘው ጎሬ፣ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ሃምሳ አለቃ ከመሄዴ በፊት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ጎሬ ዝናቡ የማያባራበት፣ ብረት በቶሎ የሚበላበት አገር ነው። የስፖርት አስተማሪ ስላልነበራቸው ስድስት ዓመት እዚያ ስፖርት አስተማርኩ። ገዢ ፊት ጨዋታ አቆመ የተባለውም እዚያ ነው። የአውራጃው ገዢ ከነቤተሰባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ የቀለበቱ ማሰሪያ ተሰንጥቆ አየሁ። ነፋሁና «ጨዋታ የለም፣ ሁሉም ወደ ቤቱ» አልኩ። ገዢው «ማነህ አንተ?» ብለው ጮኹብኝ። የመለስኩላቸው መልስ ምን እንደነበር አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄጄ ማስታወኬን ግን አስታውሳለሁ። ባልደረቦቼ ያጨበጨቡለት ድፍረት ይኸው ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ወደ ጉለሌው ኮሌጅ ተመለስኩ። የመጣሁ ዕለት ጠዋት በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ሁለት አዲስ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ የቀድሞዎቹን እጥፍ የሚወፍሩ፣ እግራቸው በሦስት በኩል የተደገፈ። አንዱ ሥር አንድ ረጅም ሰው ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ተንበርክኳል። በግራ እጁ ቁልፍ ይዟል። ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ነበረው።

«እንኳን ደኅና መጡ ጋሼ» አለ ሳይነሣ። አሰግድ የወርክሾፑ ረዳት መምህር ሆኖ ነበር። «እኔ ነኝ የሠራኋቸው። በግራ መበየድ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ከመሬት ድንጋይ ፈለግሁ።

«ማንኳኳት የለም» አለኝ። ተነሥቶ መሰላል አምጥቶ ከቀለበቱ ሥር አቆመ። «ይውጡና ይንጠልጠሉበት።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። እኔ ተንጠልጥዬ አየሁት፤ አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ ቁጣ የለበትም፤ ግን አይለቅም። ከወርክሾፑ የወጡ ተማሪዎች ቆመው ማየት ጀመሩ። አንድ የጎለመሰ መምህር ከነኮቱ መሰላል ላይ ሲወጣ አይተው አያውቁም።

ወጣሁ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ደርሼ ቀለበቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ብረቱ የጠዋት ቅዝቃዜ ነበረው። ወደ ታች አየሁ። አሰግድ በሁለት ጣቱ ምሰሶውን ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል።

«መሰላሉን ልውሰደው?» አለ።

«አሰግድ፣ እፈራለሁ» አልኩት። በሥራ ዘመኔ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይፍሩ» አለኝ። «ጠበቅ አድርገው ይያዙ ብቻ።»

መሰላሉን ወሰደው። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ኮቴ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ወደቀ፣ ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም።